ሳሙናችን የሚያልቀው የት ነው?



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ጠዋት ብዙዎቻችን ለጉስል ውሃ አሙቀን፣ ንጹሕ ልብስ አውጥተን፣ ሳሙና አንስተናል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚያች ሳሙና ነው። «ኡስታዝ፣ ርዕስ አጡ እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስቲ ታገሱኝና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አሁን የምትጠቀሙበትን የገላ ሳሙና ከወረቀቱ ያወጣችሁት መቼ ነው? አብዛኛው ሰው አያስታውስም። እያለቀ መሆኑን የምናውቀው ቀጥና እጃችን ላይ ስትሰበር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ይከብዳል፦ የት አለቀ? ሁላችንም «ገላችን ላይ» እንላለን። አሁን ተነሡና ሳሙናችሁን አንሥታችሁ ከሥሩ ተመልከቱ። ነጭ፣ የሚያዳልጥ፣ እንደ ገንፎ የላላ ነገር ማስቀመጫው ላይ ተጣብቆ ካያችሁ መልሱ እሱ ነው። ያ ገላ ያልነካ፣ ልብስ ያላጠበ ሳሙና ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ውሃ ሲፈስበት ታጥቦ ይሄዳል። የከፈላችሁበት ነበር።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ወሩ ሳይሞላ ሳሙና ያለቀበት ቤት ምን እንደሚሆን ስለምናውቅ። መጀመሪያ የሚቀረው የገላ መታጠብ አይደለም፣ የልብስም አይደለም። ለሰው ስለሚታይ ለእነሱ ከየትም ተፈልጎ ይገዛል። መጀመሪያ የሚቀረው የእጅ ነው። ከሽንት ቤት ሲመለሱ፣ ሕፃን ከማጉረስ በፊት፣ ቆጮ ከመቁረስ በፊት በውሃ ብቻ ለቅለቅ ማድረግ ይጀመራል። እጅን በሳሙና መታጠብ የተቅማጥ በሽታን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። እንግዲህ ማስቀመጫ ላይ የቀለጠችው ሳሙና የወሩ መጨረሻ ሳምንት የትንሹ ወንድማችሁ እጅ መታጠቢያ ነበረች።

ዋጋውን መቼም እኔ አልነግራችሁም፤ ሱቅ የምትላኩት እናንተ ናችሁ። ምክንያቱን ግን ማወቅ አይከፋም። የሳሙና ዋናው ጥሬ ዕቃ ዘይትና ስብ ነው፤ በዓለም ላይ በብዛት የሚገባበት ደግሞ የፓልም ዘይት ነው። ከዓለም አንደኛዋ አምራች ኢንዶኔዢያ እ.ኤ.አ በ2022 ሚያዝያ መጨረሻ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ ለሦስት ሳምንት ገደማ ከልክላ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ምን እንዳስከተለ ሁላችንም አይተናል። ቦንጋ ላይ ተቀምጠን የኢንዶኔዢያን ወደብ መክፈትም ሆነ ዶላርን ማውረድ አንችልም። የሳሙናውን ሥር ማድረቅ ግን እንችላለን።

ከዲናችንም አንጻር አንድ ነገር ላስታውስ። ሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ ላይ አላህ እንድንበላና እንድንጠጣ ፈቅዶ ማባከንን እንደሚጠላ ነግሮናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ እንደሚያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውሃ ጉስል እንደሚያደርጉ አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ሙድ ማለት መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን አገጣጥሞ የሚይዘው ልክ ነው፤ አራት ሙድ አንድ ሷዕ ይሆናል። (ስለ ወንዝ ዳር ውዱእ የሚነገረውን ሌላ ሐዲስ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰነዱ ላይ ዑለሞች ስለተለያዩ ለዛሬ ትቼዋለሁ፣ የሙዱ ሐዲስ ይበቃናል።) እዚህ ላይ ግን አደራ፣ ሁለት ነገር አታደባልቁ። መታጠብ ኢስራፍ አይደለም። እጁን በደንብ አረፋ አድርጎ ያጠበ ሰው ምንም አላባከነም፤ ሳሙናው ለዚያ ነው የተገዛው። ኢስራፉ በሁለት መታጠብ መካከል፣ ማንም ሳይጠቀምበት የሚቀልጠው ነው። ይህን ትምህርት አንብቦ እንግዳ ሲታጠብ ሳሙናውን በዓይኑ የሚከተል ሰው ካለ፣ እሱ ቁጠባን ሳይሆን ቡኽልን ነው የተማረው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ሳሙና ምን ስለሆነ ነው የሚሟሟው?

ሳሙና የሚሠራው ዘይት ወይም ስብ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዋህዶ ነው። ከውህደቱ ሁለት ነገር ይወጣል፦ ሳሙናውና ግሊሰሪን። የሳሙናዋ ቅንጣት አንዱ ጫፏ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፏ ቅባት ይወዳል። ቅባቱን ይዛ ከውሃው ጋር የምትሄደው ለዚህ ነው። ውሃ የምትወድ መሆኗ ግን ለእኛ ጣጣም አለው። ውሃ ላይ ስትቀመጥ ቀስ እያለች ትጠጣዋለች፤ ጠንካራው አካሏ ወደ ላላ ሙጫ ይለወጣል። ግሊሰሪኑ በውስጧ የቀረ ከሆነ ደግሞ ከአየሩ ላይ ሳይቀር እርጥበት ይስባል። በውስጧ የምታሳይ፣ እንደ ብርጭቆ የምታበራ ሳሙና ቶሎ የምትቀልጥባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፦ ማድረቅ። እንደ አፋር ወይም እንደ ድሬዳዋ ያለ አገር የምንኖር ቢሆን ፀሐዩ ይሠራልን ነበር። እኛ ግን ካፋ ነን። ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ይዘንብብናል፤ ውሽውሽ ላይ ሻዩ እንዲያ የሚያምረው፣ ደናችን ጠዋት ጠዋት ጉም የሚለብሰው በዚሁ እርጥበት ነው። ያው እርጥበት ግን ሳሙናችን ላይም ያርፋል። አዲስ አበባ ላለ ዘመዳችሁ ያደረቀለት ማስቀመጫ ለእናንተ ላያደርቅላችሁ ይችላል።

ደስ የሚለው ግን የማድረቅን ትምህርት ከእኛ አገር ሰው በላይ የሚያውቀው የለም። ቡና የሚሰጣው አባታችሁ ጋ ሂዱና ለምን መሬት ላይ እንደማያሰጣው ጠይቁት። ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ይሠራል፣ ላዩን በወንፊት ሽቦ ወይም በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይረበርበዋል፣ ቡናውን በስሱ ይበትነዋል፣ ደጋግሞ ያገላብጠዋል። ለምን? ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም አየር እንዲያልፍ። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ከላይ ደርቆ ከሥር ይሻግታል። የሳሙናም ጉዳይ ይኸው ነው፤ ላይዋ ደርቃ ሥሯ ውሃ ውስጥ ያለች ሳሙና መሬት ላይ እንደተሰጣ ቡና ናት። ለሳሙናችሁ የቡና አልጋ ሥሩላት። የትምህርቱ ግማሽ ይህ ነው።

ይህን የሚያውቁት የቡና ሰዎች ብቻ አይደሉም። በፍልስጤም ናቡልስ ከተማ ከወይራ ዘይት የሚሠራው ሳሙና ከተቆረጠ በኋላ መሃሉ ባዶ በሆነ ረጅም ግንብ መልክ ይደረደራል፤ በእያንዳንዱ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። በሶሪያ ሐለብም የግራር ሳይሆን የጋር ዘይት የሚገባበት ሳሙና እንዲሁ ተደርድሮ ለወራት ይደርቃል። ሁለቱም ሙያዎች እ.ኤ.አ በ2024 መጨረሻ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። የዐረብኛው «ሷቡን» እና የእኛው «ሳሙና» ዘመዳሞች መሆናቸውንም መቼም ጆሯችሁ ሳይነግራችሁ አልቀረም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ለማድረቂያ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ሱቅ የሚሸጡት የፕላስቲክ ማስቀመጫዎች ብዙዎቹ ሥራቸው ድፍን ነው፤ ውሃ ያጠራቅማሉ እንጂ አያንጠባጥቡም። እንዲህ ያለ ካላችሁ አትጣሉት፤ ምስማር እሳት ላይ አግላችሁ ሥሩን አራት አምስት ቦታ ብሱት። ከዚያም ሁለት ሦስት ላስቲክ አግድም አጥልቁበት፣ ሳሙናው ላስቲኩ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። ላስቲክ ከሌለ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ቁራጭ ጎን ለጎን በሲባጎ እሰሩ። እኛ አገር ቀርከሃ ጠፍቶ አያውቅም። የሃይላንድ ፕላስቲክ ሥሩን ቆርጦ መብሳትም ይሆናል። ከሁሉ የሚቀለው ግን የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ ጥርሱ ያለበትን በኩል ወደ ሳሙናው አድርጋችሁ ሥሯ ላይ ጫን ስታደርጉት ይሰካል። ሳሙናዋ ከዚያ በኋላ በቆርኪው ላይ ትቆማለች፣ አካሏ ወለል አይነካም። ልጆች በጣም ይወዱታል፤ ጫማ ያደረገች ሳሙና ይሏታል። ቆርኪው እየዛገ ሲሄድ መቀየሩን ግን አትርሱ።

ቦታውንም ምረጡ። ጄሪካኑ ወይም ቧንቧው የሚረጨው ርቀት ላይ ከተቀመጠች የትኛውም ማስቀመጫ አያድናትም። ከውሃው ክንድ ያህል አርቁ፣ ነፋስ ባለበት በኩል አድርጉ። አይጥ ካለባችሁ ደግሞ ስቀሏት። አይጥ ሳሙና የሚበላው ስቡን ፈልጎ ነው፤ ጠዋት ጥርስ ያረፈባት ሳሙና ያገኘ ሰው እንዳይገርመው።

አንድ ሳሙና ከመጠቀም ሁለት ግማሽ መጠቀም ይሻላል ስላችሁ የሚገርማችሁ ትኖራላችሁ። አዲሷን ሳሙና ከመጀመሪያው በቢላ ለሁለት ክፈሏት። አንዷ ግማሽ ሥራ ላይ ስትሆን ሌላዋ ደረቅ ቦታ ትቀመጣለች። ሙሉዋን ስትጠቀሙ ሙሉዋ ነው የምትረጥበው፤ ግማሿን ስትጠቀሙ ጉዳቱ በግማሿ ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው በሚታጠብበት ቤት፣ ሳሙናዋ ለመድረቅ ጊዜ በማታገኝበት፣ ሁለቱን ግማሾች ማፈራረቅ ይቻላል፤ ዛሬ አንዷ ስትሠራ ሌላዋ ትደርቃለች።

የልብስ ሳሙና ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። አጃክስም ሆነ ሌላው፣ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ከገላ ሳሙና የበለጠ ውሃ አለው። እናቶቻችን ገዝተው ወዲያው የማይጠቀሙበት ለዚህ ነው። ረጅሙን ገና ለስላሳ ሳለ በክር ወይም በቢላ ይቆርጡታል (ከደረቀ በኋላ ከቆረጣችሁት ይሰነጠቃል፣ ፍርፋሪው ይበዛል)፣ ከወረቀቱ ያወጡታል፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ሳምንታት ያስቀምጡታል። ክብደቱ ይቀንሳል፤ ይህ ኪሳራ አይደለም፣ የወጣው ውሃ ነው። የቀረው ጠንክሮ ልብስ ላይ ሲፈተግ በልኩ ይወጣል። ገንዘብ ሲገኝ የሚቀጥለውን ወር ሳሙና አስቀድሞ መግዛት የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

የት ይቀመጥ? ከምድጃ በላይ ያለው ቆጥ ደረቅ ስለሆነ ዓይን ይስባል። በቆሎውን ካደረቀ ሳሙናውንም ያደርቃል፣ እውነት ነው። ግን ጭሱን ትጠጣለች፤ ለጁሙዓ ታጥባችሁ የለበሳችሁት ነጭ ልብስ ጭስ ጭስ እንዲል ካልፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ከዚህ የሚብሰው ግን የእኛ ቤት ሌላ ችግር ነው። እባካችሁ ሳሙናና ቡና አንድ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ! ቡና ሽታ ይስባል። በዱቄት፣ በስኳር፣ በሻይ ቅጠልም ያው ነው። ከገበያ ስትመለሱም በአንድ ፌስታል አትክተቱ። የካፋን ቡና ሊጠጣ ስንት አገር አቋርጦ የመጣ እንግዳ ሲኒው ውስጥ የሳሙና ሽቶ ሲያገኝ ምን እንደሚል አስቡት። ሳሙናውን ከልብስ ጋር በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ግን ጥሩ ነው፤ ልብሱም ደህና ይሸታል።

አሁን ስለ አጠቃቀም። እጃችሁን አርጥቡ፣ ውሃውን አቁሙ፣ ሳሙናዋን ሁለት ሦስት ጊዜ አሽከርክሩና ወደ ቦታዋ መልሱ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእጅ ነው፤ ጀርባውን፣ በጣቶች መካከል፣ ጥፍር ሥር ሃያ ሰከንድ ያህል ማሸት። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ሳሙናዋን በእጃችን ይዘን ውሃው ሥር ማሽከርከር ነው፤ ያኔ የሚታጠበው ሳሙናው ነው። ለገላም እንዲሁ። ሳሙናዋን ገላ ላይ ከመፈተግ በእንሰት ቃጫ ወይም በስፖንጅ ላይ ጥቂት አሽቶ አረፋውን ማውጣት ይበልጣል፤ ያችው ትንሽ ሳሙና መላ ገላ ታዳርሳለች። ቃጫው ግን ከዚያ በኋላ ተጨምቆ ይሰቀል፣ እሱም መድረቅ ይፈልጋል። ሙቅ ውሃም ከቀዝቃዛ ይልቅ ሳሙና ስለሚያሟሟ ሳሙናዋን ሙቁ ውሃ ውስጥ አትንከሩ።

ልብስ ስታጥቡ ትልቁ ጥፋት አንድ ነው፦ ሳሙናው ሳፋ ውስጥ ልብስ ሥር ተረስቶ መቅረቱ። ግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ የቆየ ሳሙና ስታወጡት በጣታችሁ ይወጋል። ከሳፋው ውጭ ድንጋይ ወይም ጣውላ ላይ ቦታ ስጡት። ሌላው፣ የእኛ አገር ጭቃ ነው። ቀዩ ጭቃ እርጥብ ሳለ በሳሙና ብትታገሉት ይሰራጫል እንጂ አይለቅም። ይድረቅ፣ ይራገፍ፣ ይቦረሽ፣ ከዚያ በባዶ ውሃ አንድ ጊዜ ይለቅለቅ። ሳሙና የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ለቀረው፣ ለአንገትጌውና ለእጅጌው ነው።

ዝናባችንን ስናማርር ቆየን፤ አሁን ደግሞ ውለታውን እንንገር። የጉድጓድም ሆነ የምንጭ ውሃ ከመሬት ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሳሙና ከእነሱ ጋር ሲገናኝ አረፋ መሆኑ ቀርቶ ሳፋው ጠርዝ ላይ የሚጣበቅ ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል። እንዲህ ያለው ውሃ የመጀመሪያውን ሳሙና ለራሱ ይበላዋል ማለት ነው። የዝናብ ውሃ ግን ለስላሳ ነው፤ በትንሽ ሳሙና ብዙ አረፋ ይሰጣል። ከቆርቆሮ ጣሪያችሁ የሚወርደውን፣ የመጀመሪያው ጣሪያውን አጥቦ ካለፈ በኋላ፣ በበርሚል ያዙትና በእሱ እጠቡ። የሁለቱን ውሃ ልዩነት አንድ ካልሲ ላይ ሞክሩት፤ ወዲያው ይታያችኋል።

አያቶቻችን እንዶድ ነበራቸው። ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ለዛሬው ልብስ የሚበቃውን ብቻ ቆንጥረው ያወጡ ነበር፤ የቀረው ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ስለ እንዶድ ካነሣን፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ መግደያ ምርምር የጀመሩት ከዚያ ነው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለውበታል። ሁላችንም ወንዝ ዳር ልብስ ሲታጠብ አይተናል። እሳቸው ግን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ተከትለው አዩ። ከዚህ ለእኛ የሚደርሰን፣ ከልብስ የወጣው የሳሙና ውሃ ምንጩ ላይ አይደፋ፤ ከምንጭና ከወንዝ ራቅ ብሎ አፈር ላይ ይፍሰስ።

ስብርባሪዋስ? ቀጭኗን ከመጣል ከአዲሷ ጋር አጣብቋት። ሁለቱንም አርጥባችሁ ጫን አድርጋችሁ አንድ ሌሊት ተዉአቸው፤ ጠዋት አንድ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ካልያዘች ደግሞ የሽንኩርት ከረጢት ቁራጭ ወይም ንጹሕ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ሰብስባችሁ ቋጥሯት፤ ማሻሻም ይሆናል፣ ይሰቀላልም። በሙቅ ውሃ አሟምተው ፈሳሽ ሳሙና የሚያደርጉ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን መበላሸትን የሚከላከል ነገር ስለሌለው የጥቂት ቀን ብቻ አዘጋጁ።

የዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ላላችሁ ለብቻ ልናገር፤ ችግራችሁን አውቀዋለሁና። ሳሙናችሁን ውጭ ብትተዉት ሌላ ሰው ይጠቀምበታል፤ ስለዚህ ገና ውሃ እያንጠባጠበች ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከታችሁ ሎከር ትቆልፉባታላችሁ። ከሌባ ዳነች፣ በራሷ ውሃ ግን ቀለጠች። መፍትሔው ሁለት ነው። የዕቃውን ክዳንም ሥርም ብሱት፤ ከመቆለፋችሁ በፊትም ሳሙናዋን በአሮጌ ጨርቅ ጠረግ አድርጓት። ሁለተኛው የቅድሙ ግማሽ ነው፤ የሚወጣው ግማሿ ብቻ ይሁን፣ ቢጠፋም ግማሽ ነው የጠፋው። ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ ጠዋት የታጠባችሁበትን እርጥብ ሳሙና ቦርሳ ውስጥ አትክተቱ፤ ለመንገድ የሚሆነው ደረቋ ግማሽ ነው። ስትገዙም ወረቀቱን አንብቡ። ዋጋው እንደ ድሮው ሆኖ ግራሙ የቀነሰ አለ። ቲኤፍኤም የሚል ቁጥር ካለው የሚነግራችሁ ከውስጡ ከዘይትና ከስብ የመጣው ክፍል ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፤ ለምሳሌ በሕንድ ደረጃ 76 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው አንደኛ ደረጃ ይባላል።

«ሰው የነካው ሳሙና በሽታ አያስተላልፍም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። እ.ኤ.አ በ1988 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ሆን ተብሎ ባክቴሪያ በተቀባ ሳሙና 16 ሰዎች እጃቸውን ታጥበው፣ በኋላ ሲመረመር ባክቴሪያው እጃቸው ላይ አልተገኘም። ጥናቱን የሠሩት የሳሙና ኩባንያ ባለሙያዎች መሆናቸውንም አብራችሁ ያዙልኝ። ለማንኛውም፣ ከመጠቀም በፊት ሳሙናዋን ለአፍታ ለቅለቅ ማድረግና ሁልጊዜ ደረቅ ማቆየት ይበቃል። በጋራ ሳሙና ከመታጠብ ይልቅ የሚያስፈራው ሳይታጠቡ መብላት ነው። የቆዳ ቁስል ያለበት ሰው ግን የራሱን ይለይ።

የመጨረሻው የመስጂዱ ሳሙና ነው። አንድ ሰው ለሶደቃ ብሎ ካርቶን ሙሉ ያመጣል፤ ውዱእ ቦታው ላይ ያለው የሲሚንቶ ጠርዝ ሜዳ ስለሆነ ውሃ ይተኛበታል፤ ሳሙናው እዚያ ላይ ይቀመጣል፤ ከመቶ ሰው ግርግር በኋላ የሚቀረው ሙጫ ብቻ ነው። የማንም ስላልሆነ ማንም አያነሣውም። እንዲህ አድርጉ፤ የሁለት ወጣት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሽንኩርት ከረጢቱን መረብ ቆርጣችሁ ግማሽ ግማሽ ሳሙና ክተቱበት፣ በሲባጎ ቋጥሩት፣ ከቧንቧው ክንድ ያህል አርቃችሁ በሰው ደረት ከፍታ ምስማር ላይ ስቀሉት። ሰው መረቡን እንደያዘ ያሸዋል፤ አረፋው በመረቡ ይወጣል፣ ሳሙናው አይወድቅም፣ ሲለቀው ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ሽንት ቤቱ ውጭ፣ ዝናብ የሚያገኘው ቦታ ከሆነ፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ ከመሃሉ ቆርጣችሁ የላይኛውን ግማሽ እንደ ጃንጥላ ድፉበት፤ ሲባጎው በአፉ በኩል ያልፋል። ጎኑ ደግሞ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉ፤ ሲጫኑት ይንጠባጠባል። ቀሪዎቹን ሳሙናዎች ከወረቀታቸው አውጥታችሁ ደረቅ ክፍል ውስጥ መደርደሪያ ላይ በትኑ፤ መረቡ ባዶ ሲሆን የሚተካውን ሰው ስም ከሙዓዚኑ ጋር ተነጋግራችሁ በሳምንት በሳምንት ያዙ። መረቡን የሰቀላችሁበትን ቀን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፉት፤ ሳሙናው ያለቀበትንም ቀን ከጎኑ።

መልካም ጁሙዓ።